ለሠርጉ ስንት ካሬ ሳር ይበቃል? ከሳሩ በፊት የሚሠራው ሒሳብ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በቀበና የሚኖሩ እናት ናቸው፤ በጥር ልጃቸውን ይድራሉ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦታ ሳር ሊያለብሱት አስበው ሁለት ሠራተኞች ጠርተው አስለክተዋል። አንዱ 90 ካሬ ሳር ያስፈልጋል ሲላቸው ሌላው 110 አላቸው። ቦታው 12 ሜትር ርዝመት አለው። ወርዱ በበሩ በኩል 7.5 ሜትር ሲሆን አጥሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በወዲያኛው ጫፍ 6.3 ሜትር ይሆናል። መሃል ላይ አንድ የአቮካዶ ዛፍ፣ በጎን ደግሞ 80 ሳንቲሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ መተላለፊያ አለ። «አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሲቆፈርም የጡብና የሲሚንቶ ስብርባሪ ይወጣል። ውሃ የምናገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ስንት ካሬ ሳር፣ ስንት መኪና አፈር ልግዛ? መቼስ ላስነጥፍ?» ይላሉ። ጥያቄው የተላከው በነሐሴ መጀመሪያ ነው።

እንኳን ልጅ ለመዳር አበቃዎት። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት ሳሩን አሁን እንዳያዙ ነው። ሳር የመጨረሻው ግዢ ነው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በመንገዱ ዳር ሳር ተነጥፎ ያየ ሰው ሁሉ «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ከሥሩ ምን እንደተደረገ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ሳሩን የሚያኖረውም የሚገድለውም ከሥሩ ያለው አሥር ሳንቲሜትር አፈርና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውሃ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከታች ወደ ላይ እሠራልዎታለሁ። ሁሉም ከስፋቱ ስለሚነሣ ግን መጀመሪያ እርሱን እናጥራ።

90 ያለዎት ሰው 12ን በ7.5 አባዝቶ ነው። አጥሩ መጥበቡን፣ ዛፉንና መተላለፊያውን አልቀነሰም። 110 ያለው ደግሞ በዚያው ቁጥር ላይ ለብክነት ሃያ በመቶ ጨምሮ ያጠጋጋው ይመስለኛል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ 7.5 እና 6.3 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ አማካዩ ወርድ 6.9 ሜትር ይመጣል፤ በ12 ሲባዛ 82.8 ካሬ ይሆናል። ለአቮካዶው ከግንዱ ዙሪያ 1.2 ሜትር ክፍት ይተውለት። ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮቹ ከላይ ከላይ ናቸው፤ ሳርና ዶማ ቢርቁለት ይሻለዋል፤ ከጥላው ሥርም ቢሆን ሳር ደህና አይበቅልም። ይህ ክብ 4.5 ካሬ ይወስዳል። መተላለፊያው 4.8 ካሬ ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ 73.5 ካሬ ይቀራል። የሚነጠፈው ቦታ ይህ ብቻ ነው። አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ፤ መሃሉ ላይ ሜትር ዘርግተው ወርዱን ይለኩ። 6.9 አካባቢ ካልሆነ አጥሩ ቀጥ ብሎ አልሄደም ማለት ነውና ቦታውን ለሁለት ከፍለን እንደገና እናሰላዋለን።

ይህም ቁጥር በጥላ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። በመሃል ከተማ የብዙ ግቢ ሳር የሚሞተው በዚህ ነው፤ ማንም ግን አስቀድሞ አያስበውም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሰኔና በሐምሌ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ወደ ደቡብ ትርቃለች። ከግቢዎ በስተደቡብ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ካለ በታኅሣሥ በእኩለ ቀን 9.5 ሜትር ያህል ጥላ በግቢዎ ላይ ይጥላል። በሰኔ የዚያው ሕንፃ ጥላ ወደ ሌላው ጎን ዞሮ 4 ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ዛሬ በደመናው መካከል የሚያዩት ብርሃን የሠርጉ ሰሞን ብርሃን አይደለም። በደቡብ በኩል ፎቅ ካለ ከፍታውን ይገምቱና በሦስት አካፍለው በሁለት ያባዙት፤ ከሕንፃው ሥር ተነሥቶ ያን ያህል ሜትር የሚደርሰው ቦታ በበጋ ጥላ ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የማያገኝ ጥግ ካለ እዚያ ላይ ሳር አያባክኑ፤ ጠጠር ያልብሱት ወይም ጥላ የሚወድ ተክል ይትከሉበት። ስፋቱንም ከ73.5 ላይ ይቀንሱት።

አሁን ወደ አፈሩ። ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ በቀጥታ የተነጠፈ ሳር በመስከረም ያምራል፤ በታኅሣሥ መገጣጠሚያው ሁሉ አፉን ይከፍታል። የእርስዎ ላይ ደግሞ የግንባታ ስብርባሪ አለበት። ስለዚህ በላዩ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ መቆፈርና ማውጣት አለ። የሳሩ ቁራጭ ከነአፈሩ 3 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት አለው። ከሥሩ 10 ሳንቲሜትር ደህና አፈር ያስፈልገዋል። አሁን መሬቱ ከመተላለፊያው ድንጋይ እኩል ከሆነ 13 ሳንቲሜትር መውረድ አለብዎት ማለት ነው። 73.5ን በ0.13 ስናባዛው 9.6 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ አፈር ከተቆፈረ በኋላ ስለሚያብጥ መኪና ላይ ሲጫን 12 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ሁለቱም ሠራተኞች ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንዳልነገሩዎት እገምታለሁ። የሚወጣው አፈር ከሚገባው ይበልጣል፤ መጫኛና መድፊያው ሳይታሰብ የተያዘ በጀት ሥራው መሃል ላይ ያልቃል። ዋጋ ሲነጋገሩ መጀመሪያ ይህን ያንሡ።

ቁፋሮው ሲያልቅ አፈር ከማስገባትዎ በፊት አንድ ቀን ይታገሡ። 30 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ያስቆፍሩና ውሃ ይሙሉት፤ ሲጠጣ እንደገና ይሙሉት። በሁለተኛው ሙሊት ውሃው በሰዓት ከሁለት ሳንቲሜትር ተኩል በታች የሚወርድ ከሆነ ከሥር ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው፤ በዝቅተኛው ጠርዝ በኩል ጠጠር የተሞላ ቦይ አውጥተው ወደ ፍሳሽ መውረጃው ያገናኙት። ወለሉንም በዶማ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ያስፈረክሱት እንጂ አዲሱን አፈር በተደመደመ ጭቃ ላይ አይድፉት፤ ሁለቱ ካልተዋሃዱ ሥሩ ድንበሩ ላይ ደርሶ ይቆማል። ጥቁሩን አፈር ለማላላት ብለው ጥቂት አሸዋ የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ። ይህን አያድርጉ። ጥቂት አሸዋ በዋልካ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል።

ከአሥሩ ሳንቲሜትር 7.5ቱ ቀይ አፈር፣ 2.5ቱ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ ይሁን። ቀይ አፈሩ 73.5 በ0.075 ሲባዛ 5.5 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲረገጥና ሲርስ ስለሚቀመጥ አንድ አምስተኛ ጨምረው 6.6 ሜትር ኩብ፣ እናጠጋጋውና 7 ይዘዙ። ኮምፖስቱ 1.8 ሜትር ኩብ ያህል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ባለ 20 ሊትር ባልዲ 50 ጊዜ ስለሆነ 92 ባልዲ ማለት ነው፤ በከረጢት የሚሸጥልዎት ከሆነ አንዱን ከረጢት በባልዲ አስለክተው ቁጥሩን ያውጡ።

«አንድ መኪና አፈር» የሚባል መለኪያ የለም። የመኪናውን ሳጥን ይለኩ። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 2፣ ከፍታው 0.9 ሜትር ከሆነ 7.2 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃዎታል። ግን ከመገልበጡ በፊት ወጥተው ይዩት፤ መሃሉ ተቆልሎ ጥጋጥጉ ጎድሎ ይመጣል። ስለ አፈሩ ዓይነትም አንድ ነገር ልንገርዎ። ከሕንፃ መሠረት ከሥር የወጣ አፈር «ቀይ አፈር» ተብሎ ይመጣል፤ ቀይ ነው፣ ግን ሕይወት የለውም። በእጅዎ ጭብጥ አድርገው፣ ጥቂት ውሃ ጨምረው ያድቦልቡሉትና በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ደህና አፈር ከሆነ ተፈርክሶ ይፈርሳል። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ጣትዎን የሚቀበል ከሆነ ይመልሱት። ፍጉንም ያሽትቱት፤ የሽንት ሽታ ካለው አልበሰለም፤ ሥሩን ያቃጥለዋል፣ የአረም ዘርም ያስገባብዎታል።

አፈሩ ሲደለደል ከቤቱ እየራቀ ዝቅ ይበል። በ6.9 ሜትር ወርድ ላይ 10 ሳንቲሜትር ያህል መውረድ በቂ ነው። ሠራተኛው በዓይኑ ሳይሆን ሲባጎ ወጥሮ፣ በውሃ የተሞላ ቀጭን ግልጽ ጎማ ይዞ ይለካው። ካስተካከሉ በኋላ ረግጠው፣ አርሰው፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይተዉት። የሚጎደጉደው ጎድጉዶ እንደገና ይሞላል። የመጨረሻው የአፈር ወለል ከመተላለፊያው ድንጋይ 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት። ለሳሩ ውፍረት የሚተወውን ይህን 3 ሳንቲሜትር የሚረሳ ሰው ሳሩን ከድንጋዩ በላይ አድርጎ ያነጥፈውና ዝናብ ሲመጣ አፈሩ መተላለፊያው ላይ ይፈስሳል።

ሳሩ የሚታዘዘው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ዓይነቱን ከጠየቁኝ ለእርስዎ ኪኩዩ ሳርን እመርጣለሁ። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ስለሆነ የአዲስ አበባን ቀዝቃዛ ሌሊት ከሰርዶ በተሻለ ይችለዋል፤ መረገጥንም ይታገሣል። ጥፋቱ ወራሪ መሆኑ ነው። ከላይም ከሥርም እየተሳበ አበባዎን ይወርሳል፤ ስለዚህ በአቮካዶው ክብ ዙሪያና በአበባው መደብ ጠርዝ 15 ሳንቲሜትር ወደ መሬት የሚገባ የድንጋይ ወይም የብሎኬት መከለያ ያስገቡ። የክቡ ዙሪያ 7.5 ሜትር ነው።

የአጥሩ መዝመምና ክቡ ስላለ ለብክነት አሥር በመቶ ይያዙ። 73.5 ላይ ሲጨመር 81 ካሬ ይሆናል። ቀጥ ያለ ቦታ ቢሆን አምስት በመቶ ይበቃ ነበር። ግን 81 ካሬ ማዘዝ 81 ካሬ መረከብ አይደለም። ቁራጩ 30 በ30 ሳንቲሜትር ነው ከተባሉ 900 ቁራጭ ይቆጠርልዎታል። አሥሩን ከየቦታው አንሥተው ይለኩ። በእጅ የተቆረጠ ሳር ጠርዙ ስለሚፈርስ 28 በ28 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሁለት ሳንቲሜትር ምንም አይመስልም፤ ሒሳቡ ግን 900 ቁራጭ 70.6 ካሬ ብቻ እንደሚሸፍን ይነግርዎታል። ለብክነት የያዙት ጠፍቶ ለነጠፋውም አልበቃም። ስለዚህ ውሉ በቁራጭ ወይም «በተጫነ ካሬ» ሳይሆን «በተነጠፈ ካሬ» ይሁን፤ መሬቱ ላይ ተነጥፎ የሚለካ ማለት ነው።

እርጥብ ሳር ከባድ ነው። በካሬ ቢያንስ 20 ኪሎ ብንይዝ 81 ካሬ ከ1,600 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በአንድ ፒክአፕ ለመጫን የሚሞክር ሰው ወይ መኪናውን ወይ ሳሩን ይጎዳል። ሹፌሩ ወደ መሃል ከተማ መግባት የሚችለው በስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት፤ በጠዋት የተቆረጠ ሳር ማታ ቢደርስ የማን ጉዳት እንደሚሆንም ተነጋገሩበት።

ይህን አጥብቄ የምለው ያየሁት ስለሆነ ነው። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ግቢ ውስጥ ሳሩ ከአፈሩ ቀድሞ ደረሰ። አፈር የሚያመጣው መኪና ተበላሽቶ ሁለት ቀን ቆየ። እኛም ሳሩን አጥር ሥር ደርድረን፣ በላስቲክ ሸፍነን ጠበቅን። በሦስተኛው ጠዋት ላስቲኩን ገልጬ እጄን በክምሩ መካከል ሳስገባ ልክ እንደ ትኩስ ፍግ ክምር ይፋጃል፤ የኮመጠጠ ሽታም ወጣ። የላይኛው ረድፍ አረንጓዴ ነበር፤ መካከሉ ቢጫ ሆኗል። ባለቤቱ አዛውንት ነበሩ፤ ምንም አልተናገሩኝም፤ አንዱን ቁራጭ አንሥተው ሲያገላብጡት ብቻ አየኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አፈሩ ተደልድሎ፣ ሮቶው ሞልቶ ካላየሁ ሳር አላስቆርጥም። ሳሩ በተቆረጠበት ቀን ይነጠፍ፤ ካልተቻለ በማግስቱ ረፋድ ድረስ በጥላ ሥር፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ሳይከመር ይቆይ። በላስቲክ አይሸፈን።

ውሃው የእርስዎ ትልቁ ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። አንድ ሚሊሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። በተነጠፈበት ቀን ከሥሩ ያለው አፈር እስኪርስ 15 ሚሊሜትር ያህል፣ ማለትም 1,100 ሊትር ይጠጣል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት በቀን 6 ሚሊሜትር፣ 440 ሊትር ገደማ፣ ወይም 22 ጀሪካን ያስፈልገዋል። ሥር ከያዘ በኋላ በሳምንት 25 ሚሊሜትር፣ ወደ 1,840 ሊትር ይበቃዋል፤ ያንንም በሁለት ጊዜ ያጠጡት እንጂ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አይርጩት። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ከሆነ፣ ቀናቱ ተከታታይ ካልሆኑ፣ ረጅሙ ክፍተት አራት ቀን ሊሆን ይችላል። ለሳሩ ብቻ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ያን ክፍተት ይሸፍናል፤ የቤቱ ፍጆታ ከዚህ ውጪ ነው። ሁለተኛ ሮቶ ከሌለዎት ከሳሩ በፊት እርሱን ይግዙ ወይም ከዘመድ ይዋሱ። ምን ያህል እንዳጠጡ ለማወቅ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሳሩ ላይ ያስቀምጡና ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ይለኩ።

ጊዜው እንዲህ ይሁን። በነሐሴ ዝናብ ጥቁር አፈር መቆፈርና መርገጥ መሬቱን ያበላሸዋል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ልኬቱን፣ ሮቶውንና የዋጋውን ንግግር ይጨርሱ። ከአዲስ ዓመት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ቆፍረው ያውጡ፤ አፈሩን አስገብተው ይደልድሉ። ሳሩን ከመስቀል በኋላ፣ ከመስከረም 20 አካባቢ ያንጥፉ። ከዚያ እስከ ጥር 10 ድረስ 110 ቀን አለዎት፤ ይበቃል። ወደ ኅዳር አያስተላልፉት፤ ውርጩ ሲጀምር ኪኩዩም ቢሆን እድገቱ ይዘገያል፤ ሥር ሳይዝ ሠርጉ ይደርስበታል።

ሲነጠፍ ከቀጥተኛው የመተላለፊያ ጠርዝ ይጀምሩ፤ መገጣጠሚያው እንደ ብሎኬት ግንብ እየተዛነፈ ይሂድ፤ ቁራጮቹ ይጠጋጉ እንጂ አይወጠሩ። ከዚያ ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ በርሜል በላዩ ያንከባልሉ፤ 100 ኪሎ ያህል ስለሚከብድ ሳሩን ከአፈሩ ጋር ያጣብቀዋል። ከመነጠፉ በፊት ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት) ማዳበሪያ ለቦታው ሁሉ 1 ኪሎ ብቻ በትነው ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቅሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግማሽ ኪሎ ዩሪያ ይበቃል፤ ወዲያው ውሃ ይጠጣበት። እፍኝ እፍኝ የሚረጭ ሰው ካዩ ያስቁሙት፤ ያቃጥለዋል።

በጀቱ ከጠበበ ሌላ መንገድ አለ፤ ግን ለእርስዎ አይሆንም ብዬ እፈራለሁ። አንድ ካሬ ሳር በ5 በ5 ሳንቲሜትር ሲቆራረጥ 400 ችግኝ ይወጣዋል፤ በየ20 ሳንቲሜትሩ ቢተከል 16 ካሬ ይሸፍናል። ለእርስዎ ቦታ አምስት ካሬ ሳር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ለመግጠም ወራት ይወስዳል፤ ክረምቱን ሙሉ ያገኘ ከሆነ ነው የሚያምረው። በሰኔ ጽፈውልኝ ቢሆን ኖሮ ይህን እመክርዎት ነበር። ምናልባት ድንኳኑ የማያርፍበትን ወዲያኛውን ጫፍ ብቻ በዚህ መንገድ አስተክለው፣ የሚታየውን በንጣፍ ቢያለብሱት ወጪው ይቀንሳል።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ጥግ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሳቡት። አልነሣም ካለ ሥር ይዟል፤ የመጀመሪያው አጨዳ ያኔ ነው። ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ፤ ሁልጊዜም ከአራት እስከ አምስት ሳንቲሜትር ይተዉለት። ለሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው አሳጭደው፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ውሃውን ያቁሙ፤ መሬቱ ካልጠነከረ የወንበር እግርና የሴቶች ጫማ ተረከዝ ይቀዳድዱታል። የድንኳኑን ሰዎች ከሥር ላስቲክ እንዳያነጥፉ ይንገሯቸው፤ ምንጣፍ ከተነጠፈም በዚያው ምሽት ይነሣ። መልሱ እዚያው ግቢ ከሆነ ድንኳኑን እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ግን ቢጫ ይሆናል። ሲነሣ የተረገጠውን ቦታ በሹል ብረት አሥር ሳንቲሜትር ያህል እየወጉ ያናፍሱትና ያን ዕለት ማታ 1,100 ሊትሩን እንደገና ያጠጡት።